በፊስቱላዬ ያሳበብኩባቸው ሌሊቶች

የኩላሊት እጥበት ከጀመርኩ በስምንተኛው ወር ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ለባለቤቴ ግራ እጄ ላይ ባለው ፊስቱላ፣ ማለትም ለእጥበቱ ተብሎ ደም ሥሮቼ በቀዶ ጥገና በተገናኙበት ቦታ፣ አሳበብኩ። «በእንቅልፍ ልብሽ እንዳትጫኚኝ» አልኳት። ጭራሽ ውሸት አይደለም፤ ፊስቱላ ያለበት ክንድ ጫና አይወድም። እውነቱ ግን ሰውነቴ ለግንኙነት እምቢ ብሎኝ፣ አፍሬ ነው።

እሷ ምን ታስብ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው። «ወይ ሌላ ሴት ይዟል፣ ወይ በሽታው ይተላለፍባታል ብሎ ፈርቷል።» የኩላሊት ድካም በግንኙነት አይተላለፍም። ይህችን እንኳ ተነጋግረንባት አናውቅም።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። ሰፈር ፋርማሲ ገብቼ ቪያግራ ገዛሁ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ታጥቤ በመጣሁበት ቀን ማታ ዋጥኩት። ግፊቴ ወርዶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተዝለፈለፍኩ። የፍቅር ምሽታችን በዚሁ አበቃ።

እጥበት ላይ አራት ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን የማናወራው ነገር የለም፤ ይሄ ግን አይነሳም። አንድ ቀን አጠገቤ ለሚታጠቡት ጋሼ በቀልድ መልክ ጣል አደረግኩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተም?» አሉኝ። «እኔ እኮ በእርጅናዬ ሳሳብብ ነው የከረምኩት!»

በሳምንቱ ከባለቤቴ ጋር ሐኪሜ ዘንድ ገባን። እኔ ስንተባተብ እሷ ተናገረችው። ዶክተሩ ምንም ሳይመስለው ጥያቄውን ቀጠለ። ጠዋት ስትነቃስ ብልትህ ይቆማል? የግፊት መድኃኒትህ የትኛው ነው? ደም ማነስህ የት ደረሰ? እንቅልፍህስ? ኩላሊት ሲደክም ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ፕሮላክቲን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ይጨምራል፣ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። አንዳንድ የግፊት ክኒኖችም ያባብሱታል። የእኔን ቀየረልኝ፤ የደም ማነስ መርፌዬንም አስተካከለ። ቪያግራውን አልከለከለኝም። ግን በ25 ሚሊግራም እንድጀምር፣ እጥበት በሌለበት ቀን እንዲሆን አዘዘኝ። ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ጨርሶ እንዳይነካው ደግሞ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። (ለሴት ታካሚዎች ደግሞ፦ የወር አበባ ቀረ ማለት እርግዝና የለም ማለት አይደለም። መከላከያውን ሐኪም ጠይቁ።)

ለእኛ ከክኒኑ በላይ የሠራው ቀን መምረጥ ነው። በእጥበት ቀን እንደ ጨርቅ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ደህና ሰው ነኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቡና ይፈላል፣ ስልክ ይዘጋል። አንዳንዴ ነገሩ መተቃቀፍ ላይ ያበቃል። እሱም ናፍቆኝ ነበር።

አልጋው ላይም ቦታ ተቀያየርን፤ ግራ እጄ ወደ ጠርዙ እንዲሆን።