አረንጓዴው ሲዋሽ

ጅማ ዛሬ ከሰዓት ዝናቧን ለቀቀችው። እኛ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ኮንቴይነሮችን (ከነሚያስፈልጋቸው ሁሉ የታሸጉ ፕሮግራሞችን) ከሚያስተዳድረው ከኩበርኔቲስ ጋር ተፋጠን ዋልን።

የሌሊት ሥራዎቻችንን በየሰዓታቸው የሚያስነሳ አውቶሜሽን ሶፍትዌር አለን። ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠሩትንም በኩብሲቲኤል (ኩበርኔቲስን በምናዝበት መሣሪያ) እንዲያስነሳ ልናገናኘው ነበር። በእጅ ስንጽፈው ሸጋ ሆኖ የሚሠራው ትዕዛዝ በሶፍትዌሩ በኩል እምቢ አለ። ትዕዛዙን የሚያስፈጽመው የሶፍትዌሩ ኤጀንት የሚሠራው በራሱ ዩዘር ስለሆነ የኩበርኔቲሱን አድራሻና መግቢያ የያዘውን የእኛን የኩብኮንፊግ ፋይል አያገኘውም። ፋይሉ የት እንዳለ ስንነግረው ተገላገልን።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ሶፍትዌሩ "ተሳክቷል" ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ ፖዱ (ኮንቴይነሩ የሚሠራበት የኩበርኔቲስ ክፍል) ግን ወድቋል! ለካ ሥራውን የሚያስገባው የኩብሲቲኤል ትዕዛዝ አፕላይ የስኬት ምልክቱን ዜሮ የሚመልሰው ክላስተሩ (ኩበርኔቲስ የሚያስተዳድራቸው ማሽኖች ስብስብ) ጥያቄውን ስለተቀበለው ብቻ ነው። ሥራው ይለቅ አይለቅ ጉዳዩም አይደለም። ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገባ ማለት ተፈረመበት ማለት ነው እንዴ?

ስለዚህ ከአፕላይ ቀጥሎ ሥራው እስኪያልቅ የሚጠብቀውን ዌይት የተባለ ትዕዛዝ ጨመርን። እሱም ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) ካልሰጡት 30 ሰከንድ ጠብቆ ይተዋል፤ የእኛ ሪፖርት ደግሞ በዚያች ጊዜ የሚያልቅ አይደለም። አስረዘምነው። ሌላ ጣጣ አለው፦ "ኮምፕሊት" (አልቋል) የሚለውን ብቻ እንዲጠብቅ ካዘዛችሁት፣ ሥራው ቢወድቅም ሰዓቱ እስኪሞላ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰነፍ ዘበኛ በሉት። "ፌይልድ" (ወድቋል) የሚለውንም ለብቻው የምናይበት አጭር ስክሪፕት ጻፍን። ሎጉንም (ሥራው እየሄደ የሚጽፈውን መዝገብ) ወደ ሶፍትዌሩ ውጤት እንዲጎትት አደረግነው፤ ማታ ተረኛ የሆነ ልጅ ክላስተር ውስጥ ሳይገባ ስህተቱን ያነባል።

አለቃችን ገብተው "እና ዛሬ ማታ ይሠራል?" አሉ። ቡናው ፈልቶ ስለነበር መልሱን ለሌላው ተውኩት።

ኦፐንሺፍት (በኩበርኔቲስ ላይ የተሠራ መድረክ) ላይ ያላችሁም፣ በኩብሲቲኤል ፈንታ በምትጠቀሙበት በኦሲ ትዕዛዝ ይኸው ነው፤ አፕላዩም ዌይቱም አንድ ናቸው።