መርፌ ያለፈበት አጥንት

እህቴ ትናንት በስልክ «ይኼን ሁሉ ገንዘብ ያወጣህበት አጥንት ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ አጥንት ነው፤ የዓሣ ነባሪ መንጋጋ። ርዝመቱ ከክንድ ያነሰ፣ ስፋቱ ሁለት ጣት፣ እንደ ተማሪ ማስመሪያ ጠፍጣፋ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ መርከበኛ ባሕር ላይ ሆኖ ለሚወዳት ሴት የቀረጸው ነው። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ሴቶች ወገባቸውን በኮርሴት ያጠብቁ ነበር፤ ኮርሴቱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከደረት ቁልቁል እንዲህ ያለ አጥንት ወይም እንጨት ይሰካበታል። ሰውየው ሦስትና አራት ዓመት ከቤቱ ርቆ ሲኖር፣ የእጁ ሥራ ደረቷ ላይ እንደሚውል እያወቀ ነው የሠራው። ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ሥራ ሁሉ ይኼኛውን ዓይነት አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ማስረዳት ስላልሆነልኝ እዚህ ልጻፈው።

የዓሣ ነባሪ ጥርስና አጥንት ላይ የመቅረጽ ጥበቡ ስክሪምሾ ይባላል። የምኖረው ቦስተን አካባቢ ነው፤ ከዚህ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ ኒው ቤድፎርድ ይደረሳል። በ1850ዎቹ የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አደን ዋና ወደብ የነበረችው እሷ ናት። የከተማዋ የዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየም በዓለም ትልቁን የስክሪምሾ ስብስብ ይዟል። መጀመሪያ የሄድኩት ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ላስጎበኝ ብዬ ነበር። እንግዳዬ ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን ግዙፍ አጽሞች አንጋጦ ሲያይ፣ እኔ መስታወት ውስጥ በተደረደሩት ጥርሶች ፊት ተተክዬ ቀረሁ።

ጥርሶቹ የስፐርም ዌል ናቸው። ይህ ዓሣ ነባሪ ከድዱ የወጡ ትልልቅ ጥርሶች የሚኖሩት በታችኛው መንጋጋው ነው፤ በየጎኑ ከ20 በላይ ይሆናሉ፣ አንዳንዱ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ጥርሱ እንደተነቀለ ሸካራና ሸንተረራማ ነው። መርከበኛው በቢላዋ ይፍቀዋል፣ በሞረድ ያስተካክለዋል፣ በሻርክ ቆዳ ያሸዋል፣ በአመድ ይወለውለዋል። ከዚያ በኋላ ነው በሸራ መስፊያ መርፌ ወይም በሰንጢ ጫፍ መጫር የሚጀምረው። ጥላሸት በዘይት ለውሶ ላዩን ይቀባዋል፤ በጨርቅ ሲጠርገው ጥቁሩ በጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ለጥላሸት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእንስሳውን ስብ የሚያቀልጡበት ምድጃ እዚያው መርከቡ ላይ ነው። ጊዜም ሞልቷል፤ አንድም ዓሣ ነባሪ ሳይታይ ሳምንታት ያልፋሉ።

ስማቸው የሚታወቅ ቀራጮች ጥቂት ናቸው። የናንተኬት ደሴቱ ኤድዋርድ በርዴት ከሚታወቁት አሜሪካውያን ሁሉ ቀደምቱ ነው። መስመሩ ጠለቅ ያለ፣ የማያመነታ። እ.ኤ.አ. በ1833፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ ጦር የተሰካበት ዓሣ ነባሪ የሚጎትተው ገመድ ጠልፎት ባሕር ውስጥ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ሌላው የናንተኬት ሰው ፍሬድሪክ ማይሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1828 እና በ1829 ሱዛን በምትባል መርከብ ላይ ሳለ የቀረጻቸው ከ30 በላይ ጥርሶች ዛሬ ይታወቃሉ። ሥራውን ፈርሞ ቀን ይጽፍበት ነበር። ከብዙዎቹ ላይ አንድ ስንኝ አለ፤ ለሕያዋኑ ሞትን፣ ለገዳዮቹ ረጅም ዕድሜን ይመኛል። ሕያዋን ያላቸው ዓሣ ነባሪዎቹን ነው። ስንኙን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል፤ ያም ሆኖ ከመርከቧ ገመዶች አንዱን እንኳ ሳይዘል የቀረጸበትን ትዕግሥት ከማድነቅ አልቦዝንም።

የቀሩት ሁሉ ስም የላቸውም። መርከቦቹ ላይ ደግሞ ነጮች ብቻ አልነበሩም፤ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፣ ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች የተሳፈሩ አፍሪካውያን ነበሩ፣ የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ነበሩ። የኒው ቤድፎርዱ ጥቁር አንጥረኛ ሉዊስ ቴምፕል እ.ኤ.አ. በ1848 ጫፉ ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚታጠፍ ጦር ሠራ፤ የተወጋው ዓሣ ነባሪ እንደ ድሮው ጦሩን ነቅሎ ማምለጥ አቃተው፤ አደኑ በዚያ መሣሪያ ተለወጠ። ቴምፕል ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለመብትነት ማረጋገጫ፣ ስላላወጣበት ሌሎች ከበሩበት። ሐውልቱ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቆሟል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ። ፊርማ የሌለው ጥርስ በእጄ ሲገባም የማን እጅ ሠራው ብዬ የማስበው እነዚህን ሁሉ ሰዎች ይዤ ነው። ለዚህም ነው የማይሪክን ሥራ ለመግዛት አቅም ቢኖረኝ እንኳ ገንዘቤን ስም ለሌላቸው የማውለው።

ወደ አጥንቴ ልመለስ። ላዩ ላይ ከታች ዘንባባ አለ፣ ከፍ ሲል ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴት። በአጉሊ መነጽር ሳያት የቀሚሷ ጠርዝ ሁሉ በጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው። መርከበኞቹ ከፋሽን መጽሔት ላይ ሥዕል ቆርጠው አጥንቱ ላይ ይለጥፉና ዙሪያውን በመርፌ ይወጉታል፤ ወረቀቱን ሲያነሱት ነጥቦቹ ይቀራሉ፤ ነጥብ ከነጥብ ማያያዝ ነው ከዚያ ወዲያ። የኔዋም ሴት ቀሚስ፣ ጓንት፣ ጃንጥላ፣ ሁሉም እንዲህ የተገለበጠ ነው። አንገቷ ላይ ሲደርስ ግን ነጥቦቹ ያቆማሉ። ፊቷ በነጻ እጅ ነው የተሠራው፤ አንዱ ዓይን ከሌላው ዝቅ ብሏል፣ አገጯ ሰፋ ያለ ነው፣ የመጽሔት ፊት አይደለም። ሰውየው ልብሱን ከወረቀት ወሰደ፣ ፊቷን ግን ለመጽሔቱ አልተወም። የሚያውቃት ሴት ፊት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ማንም አያሳምነኝም። ሻጩ አዛውንት ፊቱን «ድክመት» ብለው ዋጋ ቀንሰውልኛል። ለኔ ደግሞ ያለዚያ ፊት አልገዛውም ነበር።

ስለ መግዛት ካነሳሁ፣ ገበያው በሐሰተኛ ተጥለቅልቋል። ከፕላስቲክ ቅልቅል በቅርጽ የሚጋገሩት እውነተኛ ይመስላሉ፤ አንዱ ጥርስ በተለያየ ከተማ በተለያየ ሰው እጅ ያው ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ ጥርስ ከሥሩ ሲታይ ጎድጓዳ ነው፤ ውጭኛውና ውስጠኛው ንብርብር በቀለም ይለያሉ። ፕላስቲኩ ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይታያል። በጋለ መርፌ ወግቶ መፈተን የሚባል ነገር አለ፤ ጨርሶ አይመከርም፣ እውነተኛውን ያበላሻል። ሌላው ምልክት ወሬ ማብዛቱ ነው፤ የመርከቡ ስም፣ የካፒቴኑ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው ሁሉ በአንድ ጥርስ ላይ ተሟልቶ ሲገኝ እጄን እሰበስባለሁ።

ከታወቁት ሰብሳቢዎች አንዱ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ናቸው፤ ጥርሶቹ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ባለቤታቸው ለገና በዓል የሰጧቸው አንደኛው አብሯቸው ተቀብሯል።

እህቴ መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ግን ይህን ሁሉ አልነበረም። «መጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያንን ሁሉ የዝሆን ጥርስ ሲያቃጥሉ አላየህም?» ነው ያለችኝ። አይቻለሁ። ከ6 ቶን በላይ ነበር፤ ደግ አደረጉ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። የዝሆን ጥርስ ያረጀም ቢሆን ቤቴ አይገባም፤ የኛው ዝሆኖች ዛሬም እየተገደሉበት ነው። ስፐርም ዌልም በአሜሪካ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ጥርሱና አጥንቱ ሊሸጥ የሚችለው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ መሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው፤ ማስረጃ የማቅረቡም ሸክም የባለቤቱ ነው። ይህን ሕግ እደግፋለሁ። ያለ ሰነድ የሚሸጥ ምንም ያህል ቢያምር አልነካም፤ አዲስ ጥርስ ላይ የተቀረጸም አልፈልግም። ያለኝን ደግሞ ለልጆቼ ከነሰነዱ አቆየዋለሁ፤ የሚወድ ከጠፋ ወደ ሙዚየም ይሄዳል። ይህን ጽፌ አስቀምጫለሁ።

በመጪው ክረምት ኬፕ ኮድ ላይ የባሕር ጥንታዊ ዕቃዎች ጨረታ አለ። ታዋቂዎቹ ጥርሶች ለኔ የማይታሰቡ ናቸው። ግን የሊጥ ጠርዝ መቁረጫ፣ ጥርሳም መንኮራኩር ያለው፣ መርከበኞች ለሚስቶቻቸው የሚሠሩት የወጥ ቤት ዕቃ ይቀርባል፤ እጀታው በእጅ ብዛት የለሰለሰውን ነው የምፈልገው። ከጨረታው በፊት ባለው የማሳያ ቀን ዕቃውን በእጅ ማገላበጥ ይፈቀዳል። አጉሊ መነጽሬን ይዤ በጠዋት እሄዳለሁ።