የድራይቨሬ ቁልፍና የእኔ ስላይስ፦ የአራት ወር ማስታወሻ

ከአራት ወር በፊት የሚስተካከል ድራይቨር፣ ማለትም ለረጅም ምት የሚያገለግል የጎልፍ ዱላ፣ ገዛሁ። ምክንያቴ ስላይስ ነበር። በቀኝ ነው የምመታው። ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳና መሃል ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። አሥር ብመታ ሰባት ስምንቱ እንደዚያ ናቸው። ዱላው ይህን ያስተካክልልኛል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ምን እንዳስተካከለልኝና ምን እንደደበቀብኝ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ዱላው። የእኔ ሁለት የሚነካ ቦታ አለው። አንዱ ዘንጉ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚገባበት አንገት ነው። ብሎኑን በቁልፍ ትፈቱና አንገቱን አዙራችሁ መልሳችሁ ታስራላችሁ፤ ሎፍቱ፣ ማለትም ኳሷን የሚመታው የዱላው ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለበት መጠን፣ ይቀየራል። ሁለተኛው ከታች ያለው ክብደት ነው፤ ወደ ተረከዙ ማለትም ወደ ዘንጉ በኩል፣ ወይም ወደ ጫፉ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሳትኩት አንገቱ ላይ ነው። ርቀት እንዳገኝ ብዬ ሎፍቱን ቀነስኩ። ስላይሱ ባሰበት። ለካ አንገቱን ስናዞር የሚቀየረው ሎፍቱ ብቻ አይደለም። ሎፍት ሲጨመር ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ወደ ግራ ይዘጋል። ሲቀነስ ደግሞ ወደ ቀኝ ይከፈታል። ስላይስ ያለበት ሰው ሎፍት ሲቀንስ ችግሩ ላይ ጨመረበት ማለት ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አንድ ሙሉ ሳምንት ባልባከነ።

ከዚያ ሎፍቱን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ፣ ክብደቱን ወደ ተረከዙ ወሰድኩ። ለውጡ ወዲያው ታየ። ከአሥር አምስት ስድስቱ ሜዳው ላይ መቅረት ጀመሩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደስታው ሦስት ሳምንት ቆየ። በአራተኛው ሳምንት ኳሷ ገና ከመነሻዋ ወደ ግራ መሄድ አመጣች፤ ሄዳም አትመለስም። እኔም ሳላውቀው ፊቱ እንዳይዘጋብኝ እጄን እንዳይዞር መያዝ ጀመርኩ። አሁን ጥፋቱ ሁለት ሆነ። የሚገርመው ለአጭር ርቀት የምጠቀምበት ሌላው ዱላዬ፣ 7 ቁጥር አይረኔ ነው። እሱ የሚዞር አንገት የለው፣ የሚንቀሳቀስ ክብደት የለው። በእሱ ስመታ ያ የድሮው ወደ ቀኝ መታጠፍ እንዳለ አለ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ከእኔ ምንም አልተስተካከለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳስ በአብዛኛው የምትነሳው የዱላው ፊት ወዳየበት አቅጣጫ ነው። የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱ በሚያይበትና ዱላው በሚጓዝበት መንገድ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ቁልፉ የሚደርሰው ፊቱ ጋ ነው። መንገዱን አይነካም። የእኔ መንገድ ከውጭ ወደ ውስጥ ነበር፤ ዱላው ከኳሷ ወዲያ ማዶ መጥቶ ወደ ግራ ይቆርጣታል። ፊቱን በቁልፍ ስዘጋው መንገዱ እንደነበረ ቀረ።

ሌላም ነገር ተደብቆ ነበር። አንድ ቀን ነጭ የእግር ፓውደር ስፕሬይ ፊቱ ላይ ነፋሁና ሃያ ኳስ መታሁ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ዱላውን አንስቼ ኳሷ ያረፈችበትን ክብ ምልክት አየሁ። ከሃያው አሥራ አራቱ ተረከዙ ላይ ናቸው። አንዱማ አንገቱን ሊነካ የጥፍር ያህል ነው የቀረው። ድራይቨር ላይ ተረከዝ የነካች ኳስ ፊቱ ቀጥ ቢልም እንኳ ወደ ቀኝ የመታጠፍ ሽክርክሪት ይዛ ትወጣለች። እኔ ወደ ታች ስመጣ ክብደቴ ወደ እግሬ ጣቶች ይሄድና እጄ ከሰውነቴ ይርቃል። ይህን የሚያስር ብሎን የለም።

ቁልፉን አስቀምጬ ሥራ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው። የዱላውን ሽፋን ከኳሷ ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ውጭ በኩል አስቀምጣለሁ። ከውጭ ከመጣሁ ሽፋኑን እመታዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ያልመታሁበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። በዝግታ፣ በግማሽ ስዊንግ ማለትም ዱላውን እስከ ግማሽ ብቻ አወዛውዤ፣ ክብደቴን የእግሬ መሃል ላይ ይዤ። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሽፋኑን ሳይነኩ ኳሷን ብቻ ሲያገኟት ድምፁ ራሱ ሌላ ነው።

መንገዱ ሲስተካከል ምን ሆነ መሰላችሁ? ያ የተዘጋው ዱላ ሁክ ይመታ ጀመር። ኳሷ ወደ ግራ ተጠምዝዛ ስትወርድ ሳይ ነው ለውጡን ያመንኩት። አንገቱን ወደ መካከለኛው ምልክት፣ ክብደቱንም ወደ መሃል መለስኩ።

ታዲያ መስተካከሉ ከንቱ ነው? አይደለም። ስዊንጌ ፈጣን ስላልሆነ ኳሴ ዝቅ ብላ ነበር የምትሄደው። አንገቱን አንድ ምልክት ብቻ ወደ ላይ አደረግኩ። ከፍ ብላ ተነሳች፣ አየር ላይም ቆየች። ያ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም ምቴ በየጊዜው የሚለዋወጥ መሆኑን ካቆመ በኋላ የተደረገ ነው። በወር አንዴ ለሚጫወትና ለልምምድ ጊዜ ለሌለው ሰውም ፊቱን ዘግቶ ሜዳ ላይ መቆየት ምንም ነውር የለውም። የሚጎዳው እንደ እኔ ድኛለሁ ብሎ ልምምዱን የሚተው ነው።

ለምትሞክሩ፦ ከመንካታችሁ በፊት ያለበትን ፎቶ አንሱ። በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ቢያንስ አሥር ኳስ ምቱ። ዙር ከጀመራችሁ በኋላ ግን አትንኩት። የጎልፍ ሕግ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ እንዲህ ያሉ የሚስተካከሉ ዱላዎችን በሰፊው ቢፈቅድም፣ ዙር መሃል ሆን ብሎ የዱላን ባሕርይ ቀይሮ መምታት ክልክል ነው።

ባለፈው ሳምንት ስፕሬዩን ነፍቼ እንደገና ሃያ መታሁ። አሥራ ሦስቱ መሃል፣ ሦስቱ ተረከዝ፣ አራቱ ጫፍ። የጫፎቹ አዲስ ናቸው፤ ከኳሷ ርቄ መቆም ሳልጀምር አልቀርም። በሚቀጥለው ወር የማየው እሱን ነው።