እንቁጣጣሽ፣ ከቢልባኦ

እንኳን ለ2017 አደረሳችሁ! እዚህ ቢልባኦ፣ የስፔኑ ባስክ አገር፣ ዝናቡ መስከረም መጥባቱን የሰማ አይመስልም። ቡናው ግን ተፈልቷል፤ ቄጤማ ስላጣን ከመናፈሻ የለቀምነው ሣር ተጎዝጉዟል።

ዘንድሮ አጭር ሰላምታ ብቻ ልጽፍ ነበር። አልሆነልኝም። ነሐሴ ላይ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴን ቀበርን። የሕንፃው ልጆች «አይቲታ» ይሏቸዋል፤ በዚህ አገር ባስክኛ አያት ማለት ነው። እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር።

አይቲታ ናቸው የከተማውን እግር ኳስ ክለብ፣ የአትሌቲክን መዝሙር ደረጃ ላይ አቁመው ያስጠኑኝ። ስፓኒሽ እንኳ ገና ስንተባተብ! ግጥሙ ውስጥ ክለቡ ቀይና ነጭ ይባላል። ቀይ «ጎሪ» ነው፣ ነጭ ደግሞ «ሱሪ»። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሱሪ እኛ ጋ ምን እንደሆነ ስነግራቸው «ሱሪያችንማ ጥቁር ነው» ብለው እሳቸውም ባሰባቸው።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር ያወሩ ነበር። በአምባገነኑ በፍራንኮ ጊዜ፣ ልጅ እያሉ፣ ትምህርት ቤት ባስክኛ ሲናገሩ ተይዘው መዳፋቸውን ተገርፈዋል። ክለቡም በ1941 (በፈረንጆቹ) የውጭ ስም አይፈቀድም ተብሎ «አትሌቲኮ» ተደረገ፤ ስሙን ያስመለሰው በ1972 ነው። በዲሴምበር 1976 ኢሪባርና ኮርታባሪያ፣ የአትሌቲክና የተጋጣሚው የሪያል ሶሲዳድ አምበሎች፣ ያኔ የተከለከለውን የባስክ ባንዲራ ይዘው ሳን ሴባስቲያን ሜዳ ገቡ። መዝሙሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ግጥሙ የሁዋን አንቶኒዮ ሱቢካራይ፣ ዜማው የፌሊሲያኖ ቤዮቢዴ፣ ቅንብሩ የካርሜሎ በርናኦላ። ከእሱ በፊት የነበረው መዝሙር በስፓኒሽ ነበር። አይቲታ በተገረፉበት ቋንቋ የክለቡ ስታዲየም ሳን ማሜስ ሙሉ ሲዘፍን ሲሰሙ አርባዎቹን አጋምሰው ነበር።

መጋቢት 28 ቅዳሜ የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ሁዳዴ ስለሆነ ሽሮዬን ይዤ ወጣሁ። ከማዮርካ ጋር አንድ ለአንድ አልቆ መለያ ምት ሲደርስ አይቲታ ኩሽና ገቡ። ማየት አልቻሉም። የእኛው ቤሬንገር የመጨረሻዋን ሲያገባ ጮህኩ፤ በፈረንጆቹ ከ1984 ወዲህ ክለቡ ያነሳው የመጀመሪያው የንጉሥ ዋንጫ ነው። የእጅ ፎጣ እንደያዙ ወጡና መዝሙሩን ጀመሩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ባለቤታቸው ከምድጃው አጠገብ ሆነው ጨረሱላቸው።

ከአይቲታ ጋር ሆስፒታል ሳድር ፈረቃዬን ለሸፈንክልኝ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ በርበሬው ደርሷል፤ ግማሹ ላይኛው ፎቅ ነው ያለቀው። አይቲታ እንቅልፍ ሲያጡ ሬዲዮ ከፍታ ጨዋታ ታሰማቸው ለነበረችው ነርስም ምስጋናዬ ይድረሳት፤ አማርኛ አታነብም እንጂ።

«ልጆቹ አማርኛ በኋላ ይማሩታል» ለምትሉ ወዳጆቼ ደግሞ፣ በኋላ መቼ ነው? እኔም ሦስት ዓመት እንደዚያው እያልኩ ነው የቆየሁት። ዘንድሮ ልጄን አበባየሆሽ አስጠናኋት፤ በአይቲታ ዘዴ፣ ደረጃ ላይ አቁሜ።

ዛሬ ጠዋት አበባዋን ይዛ ላይኛውን በር አንኳኳች። የአይቲታ ባለቤት ከፈቱ። «አማማ» ነው የምንላቸው፤ ለእኛ ጆሮ አስተርጓሚ አያሻውም። ጥቁር ሹራባቸውን እንደለበሱ ደጃፉ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣

«የየትኛው ቡድን ነው?» አሉኝ።