ስምንት ሲኒ ቡናና ፒ-ቫልዩ

የቅዳሜ ክላስ ነበረኝ። የማስተርስ ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተምሩ ከርመው የሚመጡ መምህራን ናቸው። ስለ ፒ-ቫልዩ፣ ማለትም ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያየነው ወይም ከዚያ የበለጠ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉን ስለሚነግረን ቁጥር፣ ሦስት ሳምንት ለፈለፍኩ። ዛሬም ፊታቸው ላይ ያው ጭጋግ ነው።

በእረፍት ሰዓት አንዷ ርዕሰ መምህርት "የጀበና ቡናን በማንቆርቆሪያ ከፈላው በአንድ ፉት እለያለሁ" ብላ ፎከረች። ያዝኳት! እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፊሸር በ1935 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ላይ በሻይ ያስረዳውን ሙከራ እኛ በቡና ሞከርነው። 8 ሲኒ ተቀዳ። 4 ከጀበና፣ 4 ከማንቆርቆሪያ፤ አራት አራት መሆኑን ታውቃለች። ተራው በዕጣ ወጣ። ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዝም ብሎ በግምት ሁሉንም የማግኘት ዕድል ከ70 አንድ ነው፤ 0.014 ገደማ።

6 አገኘች። ክላሱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ክፉው ሰሌዳ ላይ 17/70 ብዬ ጻፍኩ። በግምት ብቻ 6 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ፣ ማለትም ፒ-ቫልዩው፣ 0.24 ነው፤ በአጋጣሚም በቀላሉ ይመጣል።

"እና አትለይም ማለት ነው?" አለ ከኋላ አንዱ።

አይደለም። መለየቷን አላሳየችንም ማለት ነው። ለዚህች ልዩነት እኮ ነው ሦስት ሳምንት የለፈለፍኩት!

እሷ ግን አልተዋጠላትም። "ዶክተር፣ ቡናው ቀዝቅዞ ነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሲኒውን 12 አድርገው፤ እኔ ራሴ አፈላዋለሁ።"