የጎማው ልደት በፈረንጅ ነው የተጻፈው

ሱሉልታ፣ ቅዳሜ፣ መስከረም አጋማሽ

ዝናቡ ቀንሷል፤ መስኩ በአደይ ቢጫ ሆኗል። ክረምቱን በየግቢው ቆመው የከረሙ ተሳቢዎች ሸራቸው የሚገለጥበት ሰሞን ነው። ላንጋኖ ለመውረድ፣ አዋሽ ለማደር ወይም በዓባይ በረሃ በኩል ጎጃም ለመሻገር ከመኪና ኋላ የሚታሰር፣ አልጋና ምድጃ ያለው ካራቫን እኛ አገር ብዙ አይደለም። ስለዚህ ጎማውን ሁሉም ሰው እንደ መኪና ጎማ ነው የሚያየው። ጎንበስ ይላል፣ ጥርሱን ይዳስሳል፣ «ገና አዲስ ነው እኮ» ብሎ ቀና ይላል።

የዛሬው ማስታወሻ ስለዚያች «ገና አዲስ ነው» ነው።

ካራቫን በዓመት ስንት ቀን ይንቀሳቀሳል? ሃያ? ሠላሳ? ጥርሱ የሚያልቅበት ጊዜ አያገኝም። የሚሞተው በዕድሜ፣ በፀሐይ፣ በሙቀትና ከአቅም በላይ በሆነ ጭነት ነው፤ ያውም ከውስጥ ጀምሮ። በሽቦው ድርና በላይኛው ጎማ መካከል ያለው መጣበቂያ እየደረቀ ይላላል፣ መንገድ ላይ ሲግል ይለያያል፣ ከዚያ ጥርስ ያለው ክፍል እንደ ባሕር ዛፍ ልጥ ተገሽልጦ ይሄዳል። ሲሄድም ብቻውን አይሄድም፤ ፓራፋንጎውን ይቀዳል፣ ወለሉን ከታች ይደበድባል፣ በዚያ በኩል የሚያልፍ የጋዝ ቱቦ ወይም የመብራት ሽቦ ካለ ይበጥሳል። ሰውየው ጎማ ሲጠብቅ የሚያወጣው ገንዘብ ለጎማ ሳይሆን ለቆርቆሮ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነበበው ጥርሱ ሳይሆን ጎኑ ነው። ዲኦቲ በሚሉት ፊደላት የሚጀምረው ረጅም ጽሑፍ በአራት አኃዝ ያበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። እነዚህ አራት አኃዞች ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው የሚታተሙት፤ በውጭ በኩል ካልታዩ በደረት ተኝቶ ከውስጥ በኩል በባትሪ መፈለግ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ወሬውም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የእኛ የሆነች ወጥመድ አለች። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 3818 የሚል ጎማ የተሠራው በ2018 እ.ኤ.አ. 38ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ መስከረም 2011 ዓ.ም. ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. ሱቅ ገብቶ «18» የሚለውን ያየ ሰው ግን የዘንድሮ ምርት መሰለው፣ ደስ ብሎት ከፈለ። ሰባት ዓመት ያረጀ ጎማ ከነላስቲኩ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ሄደ ማለት ነው። ሻጩ ምንም አልዋሸም፤ ቁጥሩን ብቻ አሳየ። የጎማ ዓመት ሲነበብ የዘመን ልዩነቷን በጣት መቁጠር አያሳፍርም።

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ለካራቫን የሚገዛ አዲስ ጎማ ከተሠራ አንድ ዓመት ያላለፈው ቢሆን ይመረጣል፣ ሁለት ዓመት ከሆነው ዋጋ ይቀነሳል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እዚያው ይቅር። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ከምርት ቀኑ አምስት ዓመት ሲሞላው ምትክ መፈለግ ይጀመራል፤ ስድስተኛው ላይ ጥርሱ ምንም ቢያምር ይወርዳል። የመኪና ጎማ ከዚህ ይበልጥ ይቆያል የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ግን መኪና በየቀኑ ይነዳል። ጎማው ሲሽከረከር በውስጡ ያለው መከላከያ ቅባት ወደ ላይ እየወጣ ላስቲኩን ይጠብቀዋል፤ የቆመ ጎማ ይህን አያገኝም። በዚህ ከፍታ ደግሞ ፀሐዩ ቀዝቃዛ ይምሰል እንጂ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ደቡብ ፊት የቆመው ጎማ ጎኑ ላይ እንደ ደረቅ ጭቃ የተሰነጠቀ ጭረት ቀድሞ ያወጣል።

ቀጥሎ ሚዛን። ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከዚህ በፊት ስለ መጠን ማውራት ዋጋ የለውም ባይ ነኝ። ካራቫኑ ልክ ለጉዞ እንደሚወጣ ሁሉ ይጫናል፦ ውሃው ሙሉ፣ ጋዙ ሙሉ፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ከሰሉ። 200 ሊትር የውሃ ታንክ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። ከዚያ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ከመኪናው ሳይፈታ የተሳቢው እግር ብቻ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ የሚገኘው ቁጥር አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን እግሮች የሚያያይዘው ዘንግ፣ የተሸከመው ነው። ሁለተኛ፣ የአንዱ ጎን እግር ብቻ ሚዛኑ ላይ፣ ሌላው ከሚዛኑ ውጭ ባለ ደልዳላ መሬት ላይ ሆኖ ይመዘናል። ሁለት ጊዜ ለመመዘን ሚዛን ጠባቂውን ማግባባት ይጠይቃል፤ ይገባዋል።

ለምን ሁለቴ? አንድ አክስል ያለው ካራቫን 1,400 ኪሎ ቢመዝን በወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ጎማ 700 ነው። ምድጃው፣ ባትሪውና የውሃው ታንክ በአንድ ወገን ከሆኑ ግን 760 እና 640 ሆኖ ይገኛል። ጎማ የሚመረጠው በ760ው ነው። በዚያ ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 912 ኪሎ ይመጣል። አንድ ቁጥር በቃል መያዝ ካለበት ይህ ነው።

አሁን ወደ ጎማው ጎን እንመለስ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው የጭነት ቁጥር ኪሎውን ይናገራል፦ 100 ማለት 800 ኪሎ፣ 102 ማለት 850፣ 104 ማለት 900፣ 106 ማለት 950፣ 108 ማለት 1,000። 106/104 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ጎማው ለብቻው ሲቆም፣ ሁለተኛው እንደ አይሱዙ ኋላ ጥንድ ሆኖ ሲታሰር ነው። ኮሮላ ላይ የሚገኘው 195/65 አር 15 መጠን ጎማ የጭነት ቁጥሩ 91 ነው፤ 615 ኪሎ። «ክቡ ልክ ነው፣ ቸርኬው ይቀበለዋል» ተብሎ ካራቫን ላይ የሚገጠመው ይኸው ነው፣ የሚፈነዳውም ይኸው ነው። የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገባ አቅሙ ለ1.1 ተካፍሎ ነው የሚታሰበው፤ 615ቱ 559 ይሆናል ማለት ነው።

ከውጭ የገባ ካራቫን ብዙ ጊዜ ኤስቲ የሚል ጎማ ይዞ ይመጣል፤ ለተሳቢ ብቻ የተሠራ፣ ጎኑ ደንደን ያለ። ጎማ ተራ ገብቶ ያንኑ መፈለግ ጫማ ያስጨርሳል። ደግነቱ በሚኒባስና በትናንሽ የጭነት መኪናዎች ላይ የሚገጠመው፣ ከመጠኑ መጨረሻ ሲ የሚል ፊደል ያለበት ጎማ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ለምሳሌ ኤስቲ 205/75 አር 14 የነበረበት ቦታ 195 አር 14 ሲ፣ 8 ፕላይ (የድሩ ጥንካሬ መለኪያ)፣ 106/104 ይገባል። የመጀመሪያው ቁመቱ 663 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 666 ገደማ ስለሆነ ፓራፋንጎው አያውቀውም። ሁለቱም በ5.5 ኢንች ስፋት ቸርኬ ይቀመጣሉ። አቅሙ 950 ነው፤ ከላይ ያለውን 912 ያልፋል። 185 አር 14 ሲ ረከስ ይላል፣ ግን 102 ስለሆነ 850 ላይ ያበቃል፤ ለዚህ ካራቫን አይበቃም።

ሲ የምትለው ፊደል ግን ሁለት ፊት አላት። በአሜሪካኖቹ ኤስቲ ላይ ሲ ማለት የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ 6 ፕላይ፣ 50 ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት፣ በ205/75 አር 14 ላይ 800 ኪሎ ገደማ። ዲ ሲሆን 65 ፒኤስአይና 925 ኪሎ። በአውሮፓና በእስያ መጠን መጨረሻ ላይ ያለችው ሲ ደግሞ የንግድ መኪና ጎማ ማለት ብቻ ነው፣ ስለ ፕላይ ምንም አትናገርም። ሁለቱን «ያው ሲ ነው» ብሎ የሚያስማማ ሻጭ አለ፤ በፊደሉ ሳይሆን በጭነት ቁጥሩ መከራከር ነው የሚያዋጣው።

ፍጥነት ላይ ብዙ አልቆይም። የጥንቱ ኤስቲ ጎማ ልኩ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ነው፤ በንግድ ጎማዎቹ ላይ ከጭነት ቁጥሩ ቀጥሎ ያለችው የፍጥነት ፊደል ኤን ከሆነች 140፣ ኪው ከሆነች 160 ነው። ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ጎማው የሚችለውና ካራቫኑ የሚችለው ይለያያል። 90 ይበቃል።

ያገለገለ ጎማ፣ ስልባጅ የሚባለው፣ ለተሳቢ አይሆንም። ጥቁር ቀለም የተቀባ ጎማ ስንጥቁ የት እንደተደበቀ አይታወቅም፣ ጥርሱ በእጅ የተቀረጸም አለ። በአንድ አክስል ላይ የሽቦ ድር ያለውን ራዲያልና የክር ድር ያለውን ናይለን ጎማ መቀላቀልም እንዲሁ አይሆንም። ከተቀየረ ጥንዱ አብሮ ይቀየራል። ሁለት አክስል ባለው ካራቫን አንዱ ከፈነዳ ደግሞ በዚያው ወገን ያለው ጎረቤቱ እስኪቆም ድረስ የሁለት ሸክም ተሸክሞ ነበር፤ ደህና ቢመስልም ፈልቅቆ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ጎሚስታው ጋ ሦስት ነገር ላይ ዓይን አይነሳም። አንደኛው ካላማዳሪያ ነው። ቸርኬው ዝጎ በጠርዙ በኩል የሚያስተነፍስ ከሆነ ቀላሉ መፍትሔ «ጋሼ፣ ካላማዳሪያ እናግባበት?» የሚለው ነው። ያለ ካላማዳሪያ እንዲሠራ የተፈጠረ ጎማ ውስጥ ሲገባ ከጎኑ ጋር እየተፋተገ ይግላል፣ ምስማር ሲነካውም ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ነው የሚተነፍሰው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ጠርዙን ማስተካከል፣ ካልሆነም ቸርኬውን መቀየር ይሻላል። ሁለተኛው ቫልቩ ነው። ተራው የላስቲክ ቫልቭ ልኩ 65 ፒኤስአይ ነው፤ በ65 የሚሞላ ጎማ ላይ ልኩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፣ ሲግል ያልፈዋል። የብረት ቫልቭ፣ ያውም አዲስ። ሦስተኛው፣ ጠርዙ የሚቀባው በሳሙና ውሃ እንጂ በዘይት ወይም በናፍጣ አይደለም፤ ላስቲኩን ያበሰብሱታል። ባላንስም ይሠራለት። «ተሳቢ ላይ ማን ይሰማዋል» ይባላል፤ ኩሽኔታውና የኩሽናው ዕቃ ይሰማቸዋል።

ክሪኩ ከአክስሉ መሃል አይገባም፣ ቱቦው ይጎብጣል፤ ከባሌስትራው አጠገብ ነው ቦታው። ከመነሳቱ በፊት በተቃራኒው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ። ጎማው ወርዶ እያለ ኩሽኔታውን አሽከርክሮ ማዳመጥና ግራሶውን ማየት ነጻ ነው። ዳዶው ሲጠበቅ በዙሪያ ሳይሆን በመስቀል እየተዘለለ ነው፤ ለ12 ሚሊ ብሎን አምራቹ ሌላ ካላለ ከ100 እስከ 110 ኒውተን ሜትር። የአየሩ ሽጉጥ ብቻውን ይህን አያውቅም። ከዚያ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር እንደተሄደ እንደገና ይጠበቃል፤ ከሱሉልታ ወደ ጎጃም ለሚሄድ ፍቼ ከመድረሱ በፊት ቡና ሲጠጣ ማለት ነው።

ንፋስ። ልኩ የሚሞላው ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ከመነሳት በፊት ነው። 195 አር 14 ሲ ያንን 950 ኪሎ የሚችለው በ4.5 ባር፣ በ65 ፒኤስአይ መሆኑ ነው፤ በ35 ከተሞላ በወረቀት ያለው አቅም የለም። ማለዳ ሱሉልታ ላይ በ8 ዲግሪ 65 የተሞላ ጎማ አዋሽ ሲደርስ፣ በ33 ዲግሪ፣ ጥላ ሥር ቆሞ እንኳ በሙቀቱ ብቻ 6 ወይም 7 ፒኤስአይ ይጨምራል። ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ስለወረደ የውጭው አየር ይከብድና መለኪያው 2 ያህሉን መልሶ ይቀንሳል። በመንገድ ግለቱ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ይህን አይቶ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ነው ትልቁ ስሕተት፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው ከልኩ በታች ወርዶ ያድራል፣ በነጋታው ጎኑ እየታጠፈ ይግላል። መመለሻው በተቃራኒው ነው፦ አዋሽ በሙቀቱ የተሞላ ንፋስ ሱሉልታ ማለዳ ላይ ጎድሎ ይገኛል።

በመቆሚያ ሁሉ የእጅ ጀርባን ጎማው ጎን ላይ፣ ከዚያም የቸርኬው መሃል ላይ ማስጠጋት ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው። ከጥንዱ አንዱ ብቻ የጋለ ጎማ ንፋሱ ጎድሏል። መሃሉ ብቻ ከጋለ ኩሽኔታ ነው ወይም ፍሬን ይዟል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ ፍሬን ያለው ካራቫን መሃሉ መጋሉ አይቀርም፤ ሁለቱም እኩል ከጋሉ ጥቂት አቁሞ ማብረድ ነው።

ስኮርታው ይረሳል። ከኋላ ተሰቅሎ ፀሐይ የሚጠጣው እሱ ነው፣ ተሽከርክሮም አያውቅም፤ የምርት ቀኑ እንደሌሎቹ ይቆጠራል። ሸራ ይልበስ፣ ንፋሱም ከሌሎቹ ጋር ይለካ።

የወረደውን አሮጌ ጎማ በተመለከተ፣ ከመሰጠቱ በፊት ጎኑ በቢላ አንድ ቦታ ይቀደድ። አለበለዚያ ቀለም ተቀብቶ የሌላ ሰው ተሳቢ ላይ ይወጣል። በርባሶ ሠሪው እንደሆነ ከቀረው ጎን የሚበቃውን ጫማ ያወጣል።