የካልካታውን ዳሮጋ በአማርኛ ስጽፍ የተማርሁት

ፕሪያናት ሙክሆፓድያይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1911 ድረስ በሕንዷ ከተማ በካልካታ ፖሊስ የምርመራ ክፍል ያገለገለ ቤንጋላዊ መርማሪ ነበር። በ1892፣ ገና በሥራው ላይ ሳለ፣ «ዳሮጋር ዳፕታር» የተሰኘ ወርኃዊ ኅትመት ጀምሮ ከያዛቸው የወንጀል ጉዳዮች የተነሡ ከ200 በላይ ታሪኮችን ለአንባቢ አቀረበ። ሕይወቱን በአጭሩ በአማርኛ ለመጻፍ ስነሣ በሁለት ወር የምጨርሰው መስሎኝ ነበር፤ ዓመት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የተፈተንሁት በርእሱ ነው። «ዳሮጋ» የፖሊስ መኮንን ማለት ነው። «ዳፕታር»ን ግን መዝገብ፣ ፋይል፣ ቢሮ እያልሁ ስቀያይር ከቆየሁ በኋላ፣ ቃሉ ከእኛው «ደብተር» ጋር አንድ ምንጭ እንዳለውና ሁለቱም «ዲፍቴራ» ወደሚባለው፣ የተዘጋጀ ቆዳ ወደሚል የግሪክ ቃል እንደሚመለሱ ስረዳ «የዳሮጋው ደብተር» ብዬ ተገላገልሁ።

በዓመቶቹም ተሳስቻለሁ። በቤንጋል አቆጣጠር ዓመቱ የሚለወጠው በሚያዝያ ወር ስለሆነ፣ የቤንጋሉን ዓመት ወደ አውሮፓውያኑ ለመመለስ ከሚያዝያ ጀምሮ የአውሮፓውያኑ ዓመት እስኪያልቅ 593፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሚያዝያ ደግሞ 594 መደመር ይገባ ነበር፤ እኔ ለሁሉም 593 ደመርሁ። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ሲያሰላ ያደገ ሰው ይህን መሳቱ አሁንም ይቆጨኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የትሮይሎክያ ምዕራፍ ነው። ትሮይሎክያ በልጅነቷ ተድራ ባሏ የሞተባት የብራህሚን፣ ማለትም የሂንዱ ካህናት ወገን ልጅ ነበረች። ከገጠር ወደ ካልካታ መጥታ ሶናጋቺ በሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ሠፈር በሴተኛ አዳሪነት ኖረች፤ ገቢዋ ሲነጥፍም ጌጥ ያላቸውን ሴቶች እያታለለች በማኒክታላ አካባቢ ወደሚገኝ ኩሬ ወስዳ በማስጠም ወርቃቸውን ትወስድ ጀመር። ኋላም ሌላ ሴት ገድላ ተያዘችና በ1884 በስቅላት ተቀጣች። የካልካታ የጣት አሻራ ቢሮ የተከፈተው በ1897 ስለነበር፣ ያኔ የተጠርጣሪ ቃል ትልቅ ክብደት ነበረው። ፕሪያናት እንደሚተርከው፣ እንደ ልጇ ያሳደገችው ሃሪ በወንጀሉ ሊጠየቅ መሆኑን አስመስሎ በማሳየት፣ እሱን ለማዳን ስትል እንድትናዘዝ አደረጋት።

የመጀመሪያው ረቂቄ ይህን ዘዴ በአድናቆት ያወሳ ነበር። ረጅም ዘመን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሠራችው ታላቅ እኅቴ አንብባው፣ «ይህች ሴት ልጇን ባትወድ ኖሮ አትናዘዝም ነበር ማለት ነው፤ ይህን የት አስቀመጥኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መርማሪውም ተራኪውም አንድ ሰው በመሆኑ ነገሩን ሁሉ በእሱ ዓይን ብቻ ሳይ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ታሪኩን ባለቀለም እርሳስ ይዤ እንደገና አነበብሁት፤ ራሱ ሊያየው የሚችለውን በቀይ፣ ተጠርጣሪዋ ነገረችኝ የሚለውን በሰማያዊ አሰመርሁ፤ ደራሲው ከራሱ ያከለው የመሰለኝን ሳላሰምር ተውሁት። በአንዳንድ ገጽ ላይ ሳይሰመር የቀረው ይበዛ ነበር። እንዲህ ያለውን ሁሉ «ፕሪያናት እንደሚለው» ከሚል ሐረግ ጋር ብቻ እንዲገባ ወሰንሁ፤ ሐረጉ ጽሑፉን ቢያከብደውም አልጸጸትም።

በአዲሱ ምዕራፍ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ላይ ያለችው ትሮይሎክያ ናት። ዳሮጋው የሚገባው በሦስተኛው ገጽ ነው።